የቅዳሜ አማች

ጎንደር አራዳ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ቅዳሜ ሱቁን የሚዘጋው ወይ ለቅሶ ሲደርስበት፣ ወይ ራሱ ሲለቀስለት ነው። ገጠሩ ሁሉ ለገበያ የሚወጣበት ቀን ነዋ! እናቴ ወይዘሮ ወለላ ግን እኔ እሷ ቤት ከገባሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው በደመቀበት ሰዓት የሱቋን በር ትዘጋና፣ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ የእንጨቱን ደረጃ ወደ ላይ ትወጣለች። ምክንያቱ ባሌ ነው። ቅዳሜ ባሌ ከጭልጋ፣ ከአይከል ከተማ ይመጣል።

«ምነው እማ፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻችንን ብትተዪን?» እላታለሁ።

«አማች መጥቶ ቤቱን ባዶ ሊያገኘው ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር ሽፋን ነው እል ነበር በሆዴ። እናቴ ሱቋን የምትዘጋው እኛን ለመጠበቅ ነው፤ ባልና ሚስት ተያይተን ብቻችንን እንዳንቀር።

እኔ እስከዳር እባላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ፤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። በእኛ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ሆዷ የገፋ ሴት ጓዟን ሸክፋ ወደ እናቷ ትመጣለች፤ ወልዳ፣ አራስ ቤት ቆይታ፣ ክርስትና አስነስታ ወደ ትዳሯ ትመለሳለች። ባል እስከዚያ ድረስ እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ሳሎን ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ «በሰላም ይገላግልሽ» ብሎ ይሄዳል። ይህን ወግ ያወጣው ሰው ባሏን የምትወድ ሴት በሕይወቱ አላጋጠመችውም መሰለኝ።

አላምረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። አይከል ውስጥ የተያዘ ወገብ የሚያላቅቅ፣ ተሰብሮ የዳነ እግር የሚያራምድ እሱ ነው። እኔም ለማስተማር ጭልጋ በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት ቁርጭምጭሚቴ ዞሮብኝ እያነከስኩ ሄድኩበት። እግሬ ቶሎ ዳነ። መመላለሱን ግን አልተውኩም፤ እሱም «ድነሻል» አላለኝም።

እናቴ ያሰበችልኝ የጅምላ ነጋዴ ልጅ ነበር። ስነግራት አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችው፦ «የጭልጋ ገበሬ ልጅ?» ሠርጉን ደግሳለች፣ ጨፍራለች፣ መርቃለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሌን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ፊት ለፊት ሲገናኙ በትልቅ አክብሮት «እርስዎ» ትለዋለች፤ ዞር ሲል «ልጁ» ነው። ልጁ መጣ፣ ልጁ ሄደ፣ ልጁ ደወለ ወይ?

*

ሕመሙ የጀመረኝ በስድስተኛው ወር ላይ ነው። መጀመሪያ ወገቤን፣ ከዚያ ዳሌዬን፣ በኋላ ደግሞ ከሆዴ በታች ፊት ለፊት ያለውን አጥንቴን። አልጋ ላይ ስገላበጥ ለሁለት የምከፈል ይመስለኛል። ጫማዬን ለማድረግ አንድ እግሬን ሳነሳ እንባዬ ይመጣል። አዋላጇ መርምራኝ ልጁ ደህና መሆኑን ነገረችኝ። «ሰውነትሽ ለልጁ መንገድ እያላላለት ነው» አለችኝ። ባለጌ መንገድ ነው አልኳት።

ያን ዕለት አላምረው ከሥራ ሲመለስ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ፕላስተር ይዞ መጣ። እንደ ቁስል ፕላስተር ግትር አይደለም፤ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። የወንበሩን መደገፊያ ይዤ እንዳጎነብስ ነገረኝ። ጀርባዬን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠበልኝ፣ በፎጣ አደረቀው። ከዚያ ሁለት ረዣዥም ቁራጮችን ከአከርካሪዬ ግራና ቀኝ፣ አንዱን ደግሞ ዝቅ አድርጎ ወገቤ ላይ አግድም ለጠፈልኝ። ጫፍና ጫፉን ሳይስብ ያስይዝና መሃሉን ብቻ ሳብ ያደርገዋል። ለጥፎ ሲጨርስ በመዳፉ ቀስ እያለ አሸው። ሙጫው የሚይዘው ሙቀት ሲያገኝ ነው አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሙጫው ከያዘ በኋላም አላቆመም፤ እኔም አላስቆምኩትም።

«በይ አሁን ቀና በይ።»

ቀና አልኩ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ውሸት አልናገርም። ግን አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ በሁለት እጁ ወገቤን የያዘልኝ ያህል ቀለለኝ። ሁለት ጊዜ ቤቱን ዞርኩ።

«አያድንሽም» አለኝ። «የሚለቅሽ ስትወልጂ ነው። እስከዚያ ግን ሸክሙን ያግዝሻል።»

«ማን? ፕላስተሩ ነው አንተ?»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እኔ ያን ሳቅ ነው ያገባሁት።

ወደ ጎንደር ስመጣ ቁራጮቹን በልኬ ቆርጦ፣ ጥጋጥጋቸውን ክብ አድርጎ፣ በቦርሳዬ ከተተልኝ። የሚለጥፍልኝ ሰው እንዳገኝ ነገረኝ። «ቆዳሽ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ቅባት እንዳይነካው። ካሳከከሽ ወይ ከቀላ ቶሎ አንሺው።»

«እሺ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«እሺ ባሌ።»

መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ እያየን እጄን አልለቅ አለ። ረዳቱ ማኪናውን መታ መታ ሲያደርግ ነው የለቀቀኝ።

*

ቤታችን ጣሊያን የሠራው የድንጋይ ቤት ነው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ያ የእንጨት ደረጃ ልጅ ሆኜ በሩጫ የምወርደው ነበር። አሁን አንዱን እርከን ወጥቼ ለሌላው ጸሎት ማድረስ ነበረብኝ።

ከአይከል ለጥፌው የመጣሁት ፕላስተር ጊዜውን ጨርሶ ሲነሳ፣ የልጅነት ጓደኛዬን ሙሚናን ከጎረቤት ጠራኋት። አባቷ ከእናቴ ሱቅ አጠገብ ይነግዳሉ፤ አብረን ነው ያደግነው። ሙሚና አላምረው እንዳሳየኝ አድርጋ ለጠፈችልኝ፣ በመዳፏ አሸችልኝ። ሳይመሽ ጫፉ ተነሳ። ሲመሽ አንሶላዬ ላይ ተጠቅልሎ ተገኘ። ሌላ ለጠፍን፤ እሱም ወደቀ። ሦስተኛው ሙሚና በሩን ዘግታ ሳትወጣ ነው የተላጠው።

እናቴ ፕላስተሩን ከአንሶላው ላይ በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። «ይኸ ነው እንዴ የልጁ መድኃኒት?» አለች። ያን ያህል ክፋት አልነበረውም አነጋገሯ፤ እኔን ግን አቃጠለኝ።

ያን ብላ ደግሞ አልጋዬ ላይ ትቀመጣለች። «ነይ እስቲ የኔ እናት፣ በጎንሽ ጋደም በይ።» ጓዳ ካለው ቁም ሳጥኗ ቅቤ ታመጣና ጀርባዬን ታሸኛለች። አደስ የሚሸት ለጋ ቅቤ ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር የምትውል ሴት ናት፤ ማታ ጀርባዬ ላይ የሚያርፈው እጅ ግን የዚያች ሴት አይመስልም። ከወገቤ እስከ ትከሻዬ እያሸችኝ ስለ አባቴ ታወራኛለች፣ እኔን ስታረግዝ ስላማራት ነገር ታወራኛለች። እንቅልፍ የሚወስደኝ በእጇ ላይ ነው። ጠዋት ለቅለቅ ብዬ፣ ሙሚና መጥታ ሰማያዊውን ትለጥፍልኛለች። ማታ ይወድቃል።

ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አላምረው ሳሎን ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ እናቴ ፊት ለፊቱ፣ እኔ መሃል። የመጀመሪያው ቅዳሜ በእቅፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጥቶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ተቀበለችውና ወደ ጓዳ ገባች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሱም አልተናገረም። በየሳምንቱ ዶሮ ይቀርባል። እናቴ ፈረሰኛውን አውጥታ ከፊቱ ታስቀምጥለታለች፤ ፈረሰኛ ደግሞ ለማንም የሚወጣ ብልት አይደለም። አላምረው አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። ምንጣፋችን ላይ አንድ የተነቀለ ክር አለ፤ እሱን ለይቶ ያውቀዋል።

«ይብሉ እንጂ» ትላለች እናቴ።

«ይስጥልኝ እትየ፣ በልቻለሁ።»

እናቴ ፈረሰኛውን እንዳለ ይዛ ወደ ማድ ቤት ትመለሳለች፤ ከንፈሯ ቀጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት እኔና እሱ እንተያያለን። በዓይኑ ወገቤን ይጠይቀኛል። እኔ በዓይኔ «አሞኛል» እለዋለሁ። «እንዴት ናፈቅሽኝ» ይለኛል። «ተነሥና ናዋ!» እለዋለሁ። እናቴ ትመለሳለች፤ ዓይኑ ወደ ክሩ ይወርዳል። ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው።

*

የተጣላነው በስልክ ነው።

«ፕላስተሩ እንዴት ሆነልሽ?» አለኝ።

«አይይዝም። ይወድቃል።»

«አይወድቅም እኮ እስከዳር። እዚህ ገላሽን እየታጠብሽበት እንኳ ይሰነብት ነበር።»

«እና እየዋሸሁህ ነው?»

ቀስ ብሎ፣ «እናትሽ ናቸው የሚያነሱት?» አለኝ።

«እናቴን ተዋት!»

«ከእኛ ቤት የሚመጣ ነገር እዚያ ቤት አይበረክትም። እሱን ነው የማውቀው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም አልሞከርኩም። በሆዴ ያጠራቀምኩት ወጣ። «አንተስ? ምግባችንን አትበላም፤ ቀና ብለህ አታየንም። የምትመጣው እኔን ለማየት ነው ምንጣፉን? እናቴ ንቆናል ትላለች። እኔ ምን ብዬ ልመልስላት?»

«እኔ ባደግሁበት…» ብሎ ጀመረና፣ «ተይው፣ አይገባሽም» አለኝ።

አይገባሽም! ወገቤ ለሁለት የተከፈለ እኔ፣ ልጁን የተሸከምኩ እኔ፣ አይገባኝም! «እንዲያ ከሆነ አትምጣ!» አልኩት። «ሳሎን ተቀምጠህ ከምትሄድ ጨርሶ አትምጣ!» ስልኩን ዘጋሁት።

ተመልሶ የሚደውል መስሎኝ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልደወለም። ቂመኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ኩሩ ነው፤ አትምጣ ያለውን ቤት በር የሚያንኳኳ ሰው አይደለም። ያን ያወቅሁት ከዘጋሁት በኋላ ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። ወደ ቀኝ ስዞር ያመኛል፣ ወደ ግራ ስዞር ያመኛል፣ በጀርባዬ ስሆን ትንፋሽ ያጥረኛል። እናቴ ቁርሴን አልጋዬ ድረስ አምጥታ ፀጉሬን ስትደባብሰኝ ቆየችና ወደ ሱቅ ወረደች። ገበያው ሲደምቅ የበሩን መዘጋት ሰማሁ። ከዚያ የሽንኩርት ቁሌት ሸተተኝ። ይመጣል ብላ ነው። አትምጣ እንዳልኩት አልነገርኳትም፤ ዶሮዋን ስትሠራ እየሰማሁ ትራሴን ነከስኩ።

ደረጃው ጮኸ። የሰውን አረማመድ የሚያውቅ ባለሙያ ነው ያገባሁት፤ እኔ ግን የማውቀው የእሱን ብቻ ነው። እሱ ነው! ልቤ ቀድሞኝ ከአልጋ ወረደ። እግሬ ግን አልተከተለውም።

«እንደምን ዋሉ እትየ ወለላ።»

«እንደምን ዋሉ። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ልጅት ዛሬ አልተነሳችም፤ ወገቧን አጥብቆ ያዛት።»

እንዲጠይቅ ጠበቅሁ። ልያት በል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልያት በል! ክፍሌና ሳሎኑ መካከል አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ገርበብ ብሏል።

«እንግዲያው አላስነሳትም» አለ። «ይቺን ይስጡልኝ። አዲስ ጥቅል ናት፤ ምናልባት የፊተኛው ሙጫው ተበላሽቶ ይሆናል። እኔም ማኪና እንዳያመልጠኝ ልሂድ።»

«ምነው? ማዕዱ ቀርቦ!»

«ይስጥልኝ። እትየ… እስክትወልድ ድረስ ከእንግዲህ አላስቸግርዎም። ስትወልድ ይላኩብኝ። እኔ ከደጅ ሆኜም ቢሆን እሰማለሁ።»

እስክትወልድ! ሊሄድ ነው። ልጄ ሲወለድ ደጅ ሊቆም ነው፤ እኔ ባልኩት ቃል፣ እናቴ ባላለችው ቃል። በሁለት እጄ ፍራሹን ገፍቼ ብድግ አልኩ። እግሬን ወደ ወለሉ ሳወርድ ያ አጥንቴን የሚሰነጥቅ ሕመም ያዘኝና በጉልበቴ አልጋው ሥር ወደቅሁ። ሆዴን በእጄ አቅፌዋለሁ።

«አላምረው!»

ሁለቱም ሮጡ። እኩል በሩ ላይ ደረሱ። እኩል ደግሞ ቆሙ!

«ይግቡ» አለ አላምረው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለች እናቴ።

«እንዴት ተደርጎ እትየ—»

«አንዳችሁ ግቡ!» ብዬ ጮህኩ። ምጥ እንኳ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ እነሱ ሲከባበሩ ይወለድ ነበር።

*

አላምረው ገባ። ወለሉ ላይ አጠገቤ ተንበረከከ፣ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። ሆዴን ዳበሰ፤ ደም ፈስሶኝ እንደሆን፣ ውሃ ወርዶኝ እንደሆን፣ ልጁ ተንቀሳቅሶ እንደሆን ጠየቀኝ። ልጁ በዚያው ሰዓት ለአባቱ በእርግጫ መለሰለት። አላምረው ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ጉልበትሽን ግጠሚ። ሁለቱን አንድ ላይ። አንገቴን ያዢኝ።»

ያዝኩት። እንደያዝኩት አለቀስኩ። «አትምጣ ያልኩህ…»

«አውቃለሁ።»

«መጣህ።»

«ምን ላድርግ? እግሬ ከሰኞ ጀምሮ ነው ወደ መናኸሪያ ሲሄድ የነበረው።»

የአልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝና ጀርባዬን በቀሚሴ ስር ዳበሰው። እጁ ቆመ። አወጣው፤ ጣቶቹን እርስ በርስ አሻሸ፤ ወደ አፍንጫው ወሰደው። የፊቱን መለወጥ ሳይ ደነገጥኩ። አንዳች ክፉ ነገር ያገኘ መሰለኝ።

«ይኸ የእናቴ ቅቤ ነው» አለ።

«የማን?»

«አደስ እንዲህ የምታበዛበት እሷ ብቻ ናት። እኔ ነኝ ከጭልጋ ተሸክሜ ያመጣሁት።» ዞር ብሎ ወደ በሩ አየ። አማቱን ቀና ብሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። «እትየ… ጥለውት መስሎኝ ነበር።»

እናቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች። «ምን?»

«ስሰጥዎ ምንም አላሉም። ተቀብለው ገቡ። የገጠር ዕቃ ቤትዎን ያሸተተብዎ መሰለኝ። ለእናቴም እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ወደዱት ወይ እያለች ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች።»

እናቴ መቀነቷ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ነካካች።

«ምን ልበል?» አለች በመጨረሻ። «ይኸን ሁሉ ጊዜ የጭልጋ ገበሬ እያልሁ ኖሬ፣ እናትዎ እንዲያ ያለ ሸጋ ቅቤ ሲልኩልኝ ምን አፍ አለኝ? አፈርሁ። በየማታው ሳሻት ወይዘሮዋን እየመረቅሁ ነው። ነፍሰ ጡር ልጄን የገበያ ቅቤ ልቀባት ኖሯል?»

እኔ አንዱን ሳይ ሌላውን ሳይ ቆየሁ። አላምረው ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ፊቱን ወደኔ ሳዞረው ዓይኖቹ የሉም። እየሳቀ ነው!

«እስከዳር! ቅባት እንዳይነካው አላልሁሽም?»

«ትቻለሁ እኮ! ጎንደር ስገባ በጠርሙስ ያለውን ቅባት ሁሉ ለሙሚና ነው የሰጠኋት።»

«ይኸስ?»

«ይኸማ ቅቤ ነው!»

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ቅባት ሲሉኝ የሚመጣልኝ የሱቅ ነገር ነው። ቅቤማ እናቴ ናት። ቅቤን ከቅባት የሚቆጥር ባል ማግባቴን በምን ልወቅ?

«እንዴ!» አለች እናቴ፤ አሁን ነገሩ ደረሳት። «ታዲያ ያ ሰማያዊ የሚወድቀው በእኔ እጅ ነው?»

«በእርስዎ አይደለም እትየ» አላት፣ እንባውን እየጠረገ። «በእናቴ ነው።»

ሁለቱ እናቶች አንድም ቀን ሳይመካከሩ ተባብረው፣ አንዷ ልካ አንዷ ቀብታ፣ የባሌን ፕላስተር ሲያሸንፉ ነው የከረሙት። ያንን ሳስበው ሳቄ መጣ፤ ስስቅ አመመኝ፤ ሲያመኝ አለቀስኩ፤ ሁለቱም ደግሞ እኩል ደነገጡ።

*

እናቴ የሞቀ ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች። ቀሚሴን ልትገልጥ ስትል አላምረው ቶሎ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምን ያዞርዎታል? ሚስትዎ አይደለችም?»

«እርስዎ ባሉበት…»

«እኔ ባለሁበት ምን?»

ለግድግዳው ነው የተናገረው። «እኛ ሀገር አማት ቀና ተብላ አትታይም። ከፊቷ አይበላም። ካልጠራች ወደ ውስጥ አይዘለቅም። ክብር ነው እትየ። ሳሎን አንገቴን የደፋሁት ንቄ አይደለም።»

እናቴ እጇ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ቆመ። «ዶሮዬንስ?»

«አይከል እስክደርስ ሽታው ካፍንጫዬ አይወጣም ነበር።»

«ፈረሰኛውን እኮ ነበር ያወጣሁልዎ!»

«አይቻለሁ። ዓይኔን ከምንጣፉ ላይ ያላነሳሁት እሱን እንዳላይ ብዬም ነው።»

«ቅዳሜ ሱቋን የምትዘጋውስ ለአንተ መሆኑን ታውቃለህ?» አልኩት። ይህን ስል ለራሴም ገባኝ። ዘበኛ ያልኳት ሴት አስተናጋጅ ነበረች።

«ቅዳሜ?» አለ። ጎንደር አጠገብ ያደገ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

እናቴ ቅቤውን ከጀርባዬ ላይ በራሷ እጅ አጠበችው። ሁለት ጊዜ ሳሙና መታችው፣ አጠራችው፣ በፎጣ አደረቀችው። «የእናትዎ ቅቤ ከእንግዲህ ወደ ልጅት ፀጉር ይውጣ» ብላ ፈረደች። «ጀርባዋ የእርስዎ ነው።» የጨርቅ መቀሷን አመጣችና እሱ ሲለካ እሷ ቆረጠች። ጥጋጥጉን ክብ ስታደርገው ሳይነግራት ነው፤ የሾለ ጥግ ቶሎ እንደሚላጥ ጨርቅ አስተምሯታል።

የአልጋውን ራስጌ ይዤ አጎነበስኩ። አላምረው ዞረ። መናኸሪያው ላይ ከተለያየን ወዲህ እጁ እንዲህ ነክቶኝ አያውቅም ነበር። ግራውን ለጠፈው፣ ቀኙን ለጠፈው፣ አግድሙን ሳብ አድርጎ ወገቤ ላይ አሳረፈው። ከዚያ በመዳፉ አሸው።

«በይ አሁን ቀና በይ።»

ቀና አልኩ። ያ ከኋላዬ የሚደግፈኝ ሰው ተመልሶ መጣ። አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ሌላ ጨመርኩ፣ እስከ መስኮቱ ደረስኩ። ታች መንገዱ ላይ ገበያተኛው ይተራመሳል፤ ከተዘጋው ሱቃችን ፊት ሁለት ሴቶች ቆመው ይደነቃሉ። ይደነቁ!

ስዞር እናቴ አልነበረችም። ትንሽ ቆይታ ትሪውን ይዛ መጣች፤ ወደ ሳሎን ሳይሆን ወደ እኔ ክፍል። ዝቅተኛዋን ጠረጴዛ ስባ አላምረው ፊት አስቀመጠችው። ፈረሰኛው እላይ ነው። አላምረው ትሪውን አየ፣ እሷን አየ፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ ክር ሊፈልግ ወረደ። እዚህ ክፍል ምንጣፍ የለም።

እናቴ ጥቂት አሰበች። ከዚያ አልጋዬ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይብሉ» አለች። «አላይም።»

እንጀራ ሲቆረስ ሰማሁ። ቆየት ብሎ አጥንት ከትሪው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። እናቴም ሰማች፤ በጎኗ ነው ያየኋት፤ ቀጥ ያለው ከንፈሯ ላላ።

«ጨው በዝቶበት ይሆን?» አለች ለግድግዳው።

«ኧረ ሸጋ ነው እትየ።»

እጄን ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩና ማታ ማታ እንደምታሸኝ ቀስ ብዬ አሸኋት። ዝም ብላ ታሸች። ከዚያ ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሳ፣ ቤታችን ውስጥ ሰምቼው የማላውቀውን ስም ጠራች።

«አላምረው፣ ይጨምሩ እንጂ።»